የጽናት ደም ከየት መጣ

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዶክተር ወንድምአገኘሁ፣ ካለህበት ካርኮቭ።

የዚያ አገር ብርድ ሳይጠናብህ ይህ ወረቀት በእጅህ እንዲገባ እመኛለሁ። ሰላምህ ይብዛ። እኛ በመድኃኔዓለም ቸርነት አለን። እናታችን ደሴ፣ ሆጤ በዚያችው ቤቷ ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ሐኪም ዘንድ ልውሰድሽ ስላት ግን "የራሴ ዶክተር እስኪመጣ እታገሣለሁ" ብላ እምቢ አለች። ከሄድክ ሰባተኛ ዓመትህ ስለሆነ ጨረሰ ወይ እያሉ የሚጠይቁኝ በዝተዋል። እኔም እዚያው ሆስፒታል ገብቶ እየሠራ ነው እላቸዋለሁ። ተሳስቼ እንደሆን አርመኝ።

እኔ እዚያው ጋራዥ ነኝ፤ የጭነት መኪና ሞተር ማውረድና መስቀል ነው ሥራዬ። በነሐሴ ወር ልጄን ጽናትን ጋሪ ገጭቷት ነበር። ፈረሱ ደንብሮ ነው። ደሴ አድርሰናት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ተረፈች። ዛሬ እንደ ድሮዋ ትሮጣለች። አንተ ከሄድክ በኋላ የተወለደች ስለሆነች በፎቶግራፍ ብቻ ነው የምታውቃት፤ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው።

ሌላ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ መካኒክ አለ። ልጁ ታሞበት ደም ያስፈልጋል ተብሎ ሲመረመሩ እሱ ኤ ሆነ፣ ሚስቱም ኤ ሆነች፣ ልጁ ግን ኦ ነው ተባለ። የሁለቱም ደም አይሆንም ተብሎ አንድ የማያውቁት ተማሪ ሰጠላቸው። ከዚያ ወዲህ የሥራ ጓደኞቹ "ያንተም የእሷም ካልሆነ የማን ደም ነው?" እያሉ ይቀልዱበታል። እነሱ ይቀልዳሉ፣ እሱ እንቅልፍ አጥቷል። እዚህ ያለውን ሐኪም እንዳይጠይቅ ነገሩ ያሳፍራል። ያንተን ሐኪምነት ስለሚያውቅ ጠይቅልኝ ብሎ ለመነኝ። ከኤ እና ከኤ ኦ ይወለዳል ወይ? ሳትሸፋፍን ጻፍልኝ።

አምላክ ካንተ አይለይ።
ወንድምህ ኃይለ ሚካኤል

ካርኮቭ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ እንደ አባት ላሳደጉኝ ለጋሼ ኃይለ ሚካኤል፣

ጤና ይስጥልኝ እያልኩ ከጉልበትዎ ዝቅ እላለሁ። እኔ ደህና ነኝ። በረዶው ከተማውን ሸፍኖታል፤ ሥራም በጣም ስለበዛብኝ ነው መልሴ የዘገየው። የጽናትን መትረፍ ሳነብ አለቀስኩ። ስለ ባለቤትዎ ስለ እትዬ ሸዋዓለም ግን አንድም ቃል አልጻፉልኝም፤ ደህና ናት? ስምንተኛ ክፍል ከእናንተ ጋር ስኖር ከሥራ ውለው የሚመጡትን እርስዎን አስቀምጣ መጀመሪያ ለእኔ ታቀርብልኝ የነበረውን መቼም አልረሳውም። ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እማማንም ጉልበቷን ሙቅ ነገር እያደረገች ትሸው ይበሏት።

የጓደኛዎን ጥያቄ በተመለከተ ነገሩ ቀላል ነው። ልጅ ደሙን የሚወርሰው ከእናቱና ከአባቱ ነው። ሁለቱም ኤ ከሆኑ የሚያወርሱት ኤ ነው። የሌላቸውን ከየት አምጥተው ይሰጡታል? ከስንዴ ጤፍ አይበቅልም። በሕክምናው በኩል ይህ ያለቀ የደቀቀ ጉዳይ ነው፤ መጠራጠርም አያስፈልግም። ጓደኛዎን ያሳዝናል፣ ግን እውነቱን ማወቁ ይሻለዋል። ዓይኑን ይግለጥ።

ታዛዥ ወንድምዎ ወንድምአገኘሁ

ኮምቦልቻ፣ የካቲት 30 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዶክተር ወንድምአገኘሁ፣

እንደምን አለህ? ወረቀትህ ደርሶኛል። ለሰውየው አነበብኩለት። አንድ ጊዜ አነበብኩለት፤ ድገምልኝ አላለም።

እናታችን ደህና ናት። ሸዋዓለምና ጽናት ለጊዜው ኩታበር፣ ከአባቷ ከአቶ ብሩ ዘንድ ሄደዋል። የሥራ ብዛት ነው፣ በዚሁ ይብቃኝ።

ኃይለ ሚካኤል

ካርኮቭ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ኃይለ ሚካኤል፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረስዎ። ጾሙን በሰላም ፈትታችሁ እንደሆነ ተስፋዬ ነው።

ያለፈው ደብዳቤዎ አጭር ሆነብኝ። ለጊዜው ሲሉ እስከ መቼ ነው? አቶ ብሩ ታመው ይሆን? ሽማግሌ ሰው ከታመሙ ምልክቱን ይጻፉልኝ፣ የምችለውን እመክራለሁ። ጽናትስ ትምህርቷን አቋርጣ ነው የሄደችው? ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ አንድ ልጅ አግኝቼ ቀይ ካፖርት ልኬላታለሁ። ኮምቦልቻ ቆላ ነው፣ ለደሴና ለኩታበር ብርድ ግን ይሆናታል።

የእኔን ነገር እንደሚያውቁት ነው። ሆስፒታሉ ፋታ አይሰጥም።

እባክዎ ረዘም አድርገው ይጻፉልኝ።
ወንድምዎ ወንድምአገኘሁ

ኮምቦልቻ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለወንድምአገኘሁ፣

የማርያም ጾም ነውና በጾሙ ላይ ውሸት አልጨምርም። አቶ ብሩ አልታመሙም። ካፖርቱም ደርሶኛል፤ እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ለባለቤቷ አልሰጠሁትም።

መካኒክ ጓደኛ የለኝም። ሰውየው እኔ ነኝ። ልጁ ያልኩህም ጽናት ናት።

ጋሪው የገጫት ዕለት ሆዷ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ሸዋዓለምና እኔ ክንዳችንን ሰጠን። የሚመረምረው ሰው ወጥቶ "ሁለታችሁም ኤ ናችሁ፣ ልጅቷ ኦ ናት፣ ኦ የሆነ ሰው ፈልጉ" አለን። ምንም ክፉ አልተናገረም። ክፉውን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የልጅቷን ፊት ባየሁ ቁጥር አፍንጫዋ የማን ነው፣ ቅላቷ የማን ነው እያልኩ እቆጥር ጀመር። ወረቀትህ እስኪመጣ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ሲመጣ የነፍስ አባታችንን አባ ወልደ ሚካኤልንና ሁለት ሽማግሌ ጠራሁ። ሸዋዓለምን አስቀምጠን አነበብኩት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ተነሥታ ቆመች። "የመድኃኔዓለም ደጅ ቆሜ ልማል፣ ታቦቱን ይዤ ልማል" አለች። አባ "ይህስ ይበቃል፣ ትማል" አሉ።

እኔ "የሐኪም ነገር በመሐላ አይሻርም። የጻፈው ወንድሜ ነው፣ የተማረ ሰው ነው" አልኩ።

"ወንድምአገኘሁ ነው እንዲህ ያለው?" አለችኝ።

"አዎ፣ እሱ ነው።"

ልብሷን ሰብስባ ጽናትን አዝላ ወጣች። ጽናት ለመታዘል ትልቅ ናት፣ ግን ያን ቀን አዘለቻት። ልጅቷ በትከሻዋ በኩል ታየኝ ነበር። እኔ ፊቴን አዞርኩ። በሰኔ ተፋታን። ስሜን ከልጅቷ ላይ አንሡልኝ ብያለሁ።

ሰው ሲያየኝ እያወቀብኝ ይመስለኛል። ጋራዥ ውስጥ ከመኪናው ሥር ገብቼ መዋል ነው የሚቀለኝ። አንተን ግን አልወቅስህም። ስሙን እንኳ የማታውቀውን ሰው አልሸነገልክም፣ እኔንም ከሞኝነት አወጣኸኝ። ዓይኔን ስለገለጥክልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ወንድምህ ኃይለ ሚካኤል

ካርኮቭ፣ ጥቅምት 2 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ኃይለ ሚካኤል፣

ሰላምታ ለማቅረብ ፊት የለኝም። ደብዳቤዎን ባነበብኩ ማግስት መልስ ጀምሬ ቀደድኩት። እንደገና ጀምሬ ቀደድኩት። ይህን ሳያቆሙ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

የጻፍኩልዎ ስሕተት ነው። ከኤ እና ከኤ ኦ ይወለዳል። እትዬ ሸዋዓለም ምንም አልበደለችም።

ደግሞ እኔ ሐኪም አይደለሁም።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው ከትምህርቱ የወጣሁት። ያኔ የላከን መንግሥት ወደቀ፣ ብዙም ሳይቆይ የተቀበለን አገር ፈረሰ። አበሉ ቀረ። አንዳንዶቹ እየተራቡም እያጸዱም ተማሩ። እኔ አልቻልኩም፣ ወይም አልሞከርኩም። ከከተማው ዳር ባለ ገበያ ከቱርክ የመጣ ጃኬት እሸጣለሁ። ሆስፒታል የገባሁት የሳንባ ምች ይዞኝ ብቻ ነው። በየዓመቱ ዘንድሮ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ የእማማን "ዶክተሩ ልጄ" ሳነብ እተወዋለሁ።

ጥያቄዎ ሲመጣ መልሱን አላውቀውም ነበር። ስለ ውርስ የተማርኩት አንደኛ ዓመት ሳለሁ ነው፤ ቋንቋው ገና ሳይገባኝ በቃል አጥንቼ ፈተናውን አልፌ ረሳሁት። የሚያውቅ ሰው በአንድ አውቶቡስ መንገድ ላይ አለ። ደጉ ይባላል፣ የሐይቅ ልጅ ነው፣ አብረን አንድ ክፍል ያደርን፣ እሱ ግን የጨረሰ። ልጠይቀው ብሄድ "ይህን እንኳ ረሳኸው?" እንዳይለኝ አፈርኩ። ለማላውቀው ሰው ነው የምጽፈው፣ ሩቅ ነው፣ ማን ያጣራል ብዬ ደፈርኩ። "አላውቅም" የምትለዋን ቃል መጻፍ ከብዶኝ የሰው ትዳር ላይ ፈረድኩ። እዚህ አገር የደም ዓይነት በቁጥር ስለሚጠራ ተምታታብኝ ብዬ ልዋሽዎም አስቤ ነበር። አልተምታታብኝም። ሳላውቅ ነው የጻፍኩት።

ደብዳቤዎን ይዤ ደጉ ዘንድ ሄድኩ። አነበበውና አጥፎ መለሰልኝ። ከዚያ እንደ ሕፃን አስረዳኝ። እኔም እንዲያው እንደነገረኝ ልጻፍልዎ።

ሰው ሁሉ ለደሙ ዓይነት ሁለት ነገር ወርሶ ነው የሚወለደው፤ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ። ከአንዱ ኤ፣ ከሌላው ኦ የወረሰ ሰው ሲመረመር ኤ ይባላል። ኤ ጎልታ ትታያለች፣ ኦ ከሥሯ ዝም ብላ ትቀመጣለች። አትታይም እንጂ አልጠፋችም። ይህ ሰው ሲወልድ ከሁለቱ አንዷን ብቻ ነው ለልጁ የሚሰጠው፤ የትኛዋን እንደሆነ እሱ አይመርጥም። እርስዎም እትዬ ሸዋዓለምም እንዲህ ያለ ደም ካላችሁ፣ ሁለታችሁም ያቺን የማትታየዋን ኦ ለጽናት ሰጥታችኋት ይሆናል። ከሁለት ወገን ኦ ስትመጣ የሚሸፍናት የለም፤ ልጅቷ ኦ ትሆናለች። እንዲህ ካሉ ባልና ሚስት በግምት ከአራት ልጅ አንዱ እንዲህ ይወጣል። የቆዳ ቀለምና የአፍንጫ ነገር ደግሞ ከዚህም የተወሳሰበ ነው አለኝ፤ ከብዙ ወገን ተቀላቅሎ የሚመጣ ስለሆነ አያቱን ወይም ቅድመ አያቱን የሚመስል ልጅ ሞልቷል።

"ወሎ ተወልደህ፣ ከሁለት ነጭ በግ ጥቁር ግልገል ሲወለድ አላየህም?" አለኝ ደጉ። አይቻለሁ፣ ጋሼ። ከስንዴ ጤፍ አይበቅልም ብዬ ስጽፍልዎ ይህን አላሰብኩም።

ይህን ደብዳቤ ያኛውን ለሰሙት ሽማግሌዎች ሁሉ ያንብቡላቸው። ሐኪም አይደለሁም የሚለውንም አይዝለሉት። ለእማማም ይንገሯት። እኔን ግን እመኑኝ አልልም፤ ትምህርቱን የጨረሰ ሐኪም ደሴ ላይ ይጠይቁ። ለእትዬ ሸዋዓለም ለብቻዋ ልጽፍ ተቀምጬ ነበር። "ወንድምአገኘሁ ነው እንዲህ ያለው?" ያለችው ትዝ ሲለኝ ብዕሩ አልሄድ አለኝ።

ይቅር በሉኝ ለማለት እንኳ ጊዜው አይደለም።
ወንድምአገኘሁ

ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለወንድምአገኘሁ፣

ስድስት ወር ዝም ያልኩህ ተቀይሜ ብቻ አይደለም። የምጽፈው ነገር ገና እየሆነ ስለነበር ነው።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ጋራዥ ውስጥ ነው። ጨርሼ ስነሣ ጭንቅላቴ ከመኪናው ጋር ተላተመ። ብትቀርበኝ እመታህ ነበር፤ ይህን አልደብቅህም። በማግስቱ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ሄድኩ። አንድ ሽበታም ሐኪም ዘንድ ወረፋ ይዤ ገባሁና ምን አመመህ ሲለኝ፣ "ከኤ እና ከኤ ኦ ይወለዳል?" አልኩት።

"ይወለዳል፤ ምን ችግር አለው?" አለኝ።

ጥያቄዬ አልገረመውም። አንድ ቃል ነበረች፣ ወንድሜ። በእግሬ ሄጄ ልጠይቃት የምችል አንድ ቃል። እዚህ ያለ ሰው እንዳይሰማብኝ አፍሬ ባሕር ማዶ ላክሁ።

"ታዲያ ልጅቷ የእኔ ናት ማለት ነው?" አልኩት።

"ልትሆን ትችላለች ነው ያልኩህ። ይህ ምርመራ አባቷ ነህ ብሎ አይመሰክርልህም። አይደለህም ብሎም አልመሰከረብህም። ከዚህ ያለፈውን የምታውቀው እናቷ ናት" አለኝ።

እናቷማ ነግራኝ ነበር። ታቦት ይዤ ልማል ብላኝ ነበር።

ከዚያው ወደ ሆጤ ወርጄ ለእናታችን ያንተን ነገር ነገርኳት። "ታዲያ ምን ሠርቶ ይበላል?" አለች። ገበያ ላይ ጃኬት ይሸጣል አልኳት። "ውጭ ቆሞ? በዚያ በረዶ?" አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ለጎረቤት ግን አልተናገረችም። ሁለት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀረች፤ ዛሬም ሰው እንዳይጠይቃት በታችኛው መንገድ ነው የምትሄደው። ለጉልበቷ ሐኪም ዘንድ ስወስዳት ደሟንም አስመረመርኩ። ኦ ናት። እኔ ከእሷ ኦ ወርሼ ሳላውቀው ስኖር ነበር። ይህን ስትሰማ "ልጅቷ የእኔን ይዛ ነው የተባረረችው" ብላ እዚያው ወንበር ላይ አለቀሰች። ያንተ ስሕተት ያስለቀሳትን ያህል የእኔም አስለቅሷታል።

አባ ወልደ ሚካኤልንና ሁለቱን ሽማግሌዎች ይዤ ኩታበር ወጣሁ። ደብዳቤህን በአቶ ብሩ ደጅ ሰው በተሰበሰበበት አነበብኩ። አንዱንም አልዘለልኩም። ከዚያ ድንጋይ አንሥቼ አንገቴ ላይ አድርጌ ተንበረከክሁ። አቶ ብሩ ፊታቸውን ወደ ማሳው አድርገው ተቀምጠዋል። ሸዋዓለም ከቤት ወጣች። ከስታለች። እጇ ሽሮ ነበረበት።

"ድንጋዩን አውርዱለት። አንገቱ ቢጎዳ ለእኔ ምን ይረባኛል?" አለች።

ወረደልኝ። ይቅር በይኝ አልኳት።

"ይቅር ብዬሃለሁ። ወንድምህንም ይቅር ብያለሁ፤ እሱ ልጅ ነበር፣ ሩቅም ነው፣ እኔ እንደሆንኩ አላወቀም። አንድ ነገር ግን ንገረኝ" አለች። "የመጀመሪያው ወረቀት ሲመጣ አመንከው። ሁለተኛው ሲመጣ ይኸንንም አምነህ መጣህ። ሐኪሙንም አመንክ። ከአሥር ዓመት በላይ ስንኖር እኔን ያመንከኝ መቼ ነው?"

ሽማግሌዎቹ ይመልስ እንደሆነ አዩኝ።

ወደ ቤት ልትመለስ አልፈቀደችም። አባ ለመኗት፣ አቶ ብሩም ጭምር ለመኗት። "ልጄን ከአባቷ አልነጥልም፤ እሑድ እሑድ ይምጣ። እኔ ግን ያን ደጅ አልረግጥም" ብላ ገባች። ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቧት ጽናት ብሩ ብለዋታል። ላስተካክለው ስል መምህሩ የእናቷን ፈቃድ አምጣ አለኝ፤ እሷም "ስሜን ከላይዋ አንሡልኝ ያልከው አንተ ነህ" አለችኝ። እውነቷን ነው። እንዳለ ቀረ።

አሁን እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ኩታበር። ጽናት መጀመሪያ ከአያቷ ኋላ ትደበቅ ነበር። አሁን ትቀመጣለች፤ የምጠይቃትን ትመልሳለች፣ እሷ ግን ምንም አትጠይቀኝም። ካፖርቱ አጥሯታል፤ ቢሆንም ትለብሰዋለች።

እናታችን ና በለው ብላሃለች። "ሐኪም ሆኖ ነው እንዴ የወለድኩት?" ትላለች። እኔም እላለሁ። ከመጣህ ግን መጀመሪያ ኩታበር ወጥተህ ሸዋዓለም ፊት ትቆማለህ። ያን እኔ ልሸከምልህ አልችልም።

ያለፈው እሑድ ከጽናት ጋር ደጅ ተቀምጠን ሳለ አንዲት የሠፈር ልጅ መጥታ፣ "ይኼ ሰውዬ ማነው?" አለቻት። ጽናት አየችኝ። ብዙ አየችኝ። ከዚያ ለጓደኛዋ፣

"ከኮምቦልቻ ነው የሚመጣው" አለቻት።

የነገ ሰው ይበለን።
ወንድምህ ኃይለ ሚካኤል